60 የሥራ ቀን ከጭንቀት ጋር፦ አዲስ ሥራ ስትጀምሩ የባለሙያ እርዳታ እንዴት ይገኛል?

አዲስ ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ጠዋት ጠዋት ሆዴ ይገለባበጥ ነበር። ቁርስ አይወርድልኝም። ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ እጄ ላብ በላብ ይሆናል፣ የቢሮው ሕንፃ ከሩቅ ሲታየኝ ደግሞ ልቤ ድው ድው ይላል። ማንም አልተቆጣኝም። አለቃዬ ደህና ሰው ነበረች፣ ሥራውም ከአቅሜ በላይ አልነበረም። ግን እሑድ ከሰዓት ሲሆን ጀምሮ ሰኞ ደረቴ ላይ ይቀመጣል። ለእናቴ ስነግራት «ተመስገን በይ ልጄ፣ ሥራ አጥቶ የተቀመጠ ስንት ሰው አለ» አለችኝ። እውነቷን ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራ ስፈልግ ስትጸልይልኝ የነበረችው እሷ ናት። እኔም አመሰገንኩ፣ ጭንቀቱ ግን አልሄደም፤ እንዲያውም ምስጋና ቢስ የሆንኩ እየመሰለኝ ባሰብኝ።

ያኔ ያልገባኝ አንድ ነገር ነበር። ጭንቀቱ በጣም የሚብስበት ጊዜና እርዳታ ማግኘት በጣም የሚከብድበት ጊዜ አንድ ናቸው። ሁለቱም የሙከራ ጊዜ ላይ ነው የሚገጥሙት። ስለ አእምሮ ጤና ሲወራ «ባለሙያ አማክሩ» ይባልና ይታለፋል። ማንን? በየትኛው ሰዓት? በየትኛው ደመወዝ? አለቃን ምን ብሎ? ይህን የሚነግረን ሰው የለም። የመጀመሪያ ቀጠሮዬን ለመያዝ ሁለት ወር ገደማ የፈጀብኝ በዚህ ምክንያት ነው፣ እናንተ ላይ እንዳይደርስ እፈልጋለሁ።

ከሕጉ እንጀምር። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። በቀድሞው አዋጅ ቁጥር 377/1996 ግን 45 ተከታታይ ቀናት ነበር። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፣ ትንሽ አይደለም። 45 ተከታታይ ቀን ቅዳሜና እሑድ ተቆጥሮ ወር ተኩል ነው። 60 የሥራ ቀን ግን በሳምንት አምስት ቀን ለሚሠራ ሰው 12 ሳምንት፣ ስድስት ቀን ለሚሠራ 10 ሳምንት ይሆናል። የምንፈተንበት ጊዜ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። በዚህ ጊዜ ውስጥ አሠሪው ሠራተኛው ለሥራው ብቁ አይደለም ካለ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ስንብት ክፍያ ሊያሰናብተው ይችላል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ የሕመም ፈቃዱን ነገር ነው። ይኸው አዋጅ የሕመም ፈቃድ የሚፈቅደው የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ ነው። የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ ደመወዝ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ የሚለው ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት የተቀጠራችሁ በሌላ አዋጅ ስለምትተዳደሩ የራሳችሁን ደንብ ጠይቁ። በግል ድርጅት ያላችሁ ግን ይህን አውቃችሁ ግቡ፤ «ጨንቆኛል፣ ሦስት ቀን ልረፍ» ብትሉ በሕግ የምትይዙት ነገር የለም፣ የአለቃችሁ ደግነት ነው የሚወስነው።

ስለዚህ አብዛኞቻችን «መጀመሪያ ቋሚ ልሁን፣ ከዛ እታከማለሁ» እንላለን። እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው።

ጭንቀት የሚያድገው በሽሽት ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ አለቃችሁ አንድ ሥራ ሰጠቻችሁ፣ ግማሹ አልገባችሁም። ልትጠይቁ ተነሳችሁ። ልባችሁ መታ። «ይሄንንም አታውቁም እንዴ? ትለኛለች» ብላችሁ ተመልሳችሁ ተቀመጣችሁ። ወዲያው ቀለል አላችሁ። ጣጣው ያ መቅለል ነው፤ አእምሯችሁ «ባለመጠየቄ ተረፍኩ» ብሎ ይመዘግበዋል፣ በሚቀጥለው ጊዜ መጠየቅ ካለፈው ይልቅ ይከብዳል። አንድ ኢሜይል ከመላክ በፊት አሥር ጊዜ ማንበብ፣ ስብሰባ ላይ አንገት ደፍቶ ማለፍ፣ ከሰው ጋር ምሳ ላለመብላት ስልክ የሚያወሩ መምሰል፣ መጸዳጃ ቤት ገብቶ መቆየት፣ ሁሉም የአንድ ዛፍ ቅርንጫፍ ናቸው። ከውጭ ለሚያይ ሰው ደግሞ ጭንቀት አይመስሉም። «አይግባባም»፣ «ተነሳሽነት ይጎድለዋል»፣ «ዘገምተኛ ነው» ተብለው ነው የግምገማ ፎርም ላይ የሚሰፍሩት። የፈራነውን መባረር ራሱ ፍርሃቱ ይጠራዋል ማለት ነው። ቋሚ እስክሆን ልጠብቅ የሚል ሰው ቋሚ እንዳይሆን የሚያደርገውን ነገር እያሳደገ ነው የሚጠብቀው።

ለዚህ ችግር በጣም ከተጠኑት ሕክምናዎች አንዱ ኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒ፣ በአጭሩ ሲቢቲ ይባላል፤ የሚያስጨንቀንን ሐሳብና ሽሽታችንን በንግግርና በልምምድ የሚቀይር ነው። አሜሪካዊው ሳይካትሪስት አሮን ቤክ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መሠረቱን የጣሉት ነው። አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት አንድ ቀን፣ 50 ደቂቃ ገደማ፣ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይወስዳል። አሁን ከላይ ያሰላነውን አስታውሱ። ሙከራው 12 ሳምንት፣ አጭሩ ሕክምናም 12 ሳምንት። በመጀመሪያው ሳምንት የጀመረ ሰው የግምገማው ቀን ሲደርስ ሕክምናውን እያጠናቀቀ ነው። እንዲያውም የቅጥር ደብዳቤው ላይ ፈርማችሁ ሥራ እስክትጀምሩ ባሉት ቀናት ቀጠሮ ብትይዙ የበለጠ ጥሩ ነው፣ ያን ጊዜ ቢያንስ ማንንም ፈቃድ አትጠይቁም።

እዚያ ገብቶ ምን ይደረጋል? ብዙ ሰው ምክር የሚሰጠው ይመስለዋል። እኔም ትልቅ ሰው ቁጭ አድርጎ እንደሚመክረኝ ነበር የጠበቅኩት። የሆነው ሌላ ነው። ባለሙያዋ የሚያስፈሩኝን የቢሮ ነገሮች ከቀላሉ እስከ ከባዱ በወረቀት ላይ አስደረደረችኝ። የመጀመሪያው የቤት ሥራዬ አጠገቤ የምትቀመጠውን ልጅ የፕሪንተር ወረቀት የት እንደሚቀመጥ መጠየቅ ነበር። ከመጠየቄ በፊት «ምን ትለኛለች» ብዬ የማስበውን እጽፋለሁ፣ ከጠየቅኩ በኋላ ያለችውን እጽፋለሁ። ጻፍኩ፦ «ገና ይሄንንም አላወቅሽም ትለኛለች»። ያለችው፦ «ነይ ላሳይሽ፣ እኔም አንድ ወር ሙሉ አላውቅም ነበር»። በዚህ ዓይነት እየወጣሁ እየወጣሁ በስድስተኛው ሳምንት አለቃዬን «ይህ ክፍል አልገባኝም» ማለት ቻልኩ። ልቤ መምታቱን አላቆመም። እየመታ ጠየቅኳት።

ሌላም ነገር ነበረብኝ፤ «በስህተት ነው የቀጠሩኝ፣ አንድ ቀን ይነቃብኛል» የሚል ሐሳብ። ይህንን ነገር ፖሊን ክላንስና ሱዛን አይምስ የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1978 ስም ሰጥተው ጽፈውበታል። የጻፉት በትምህርታቸውና በሥራቸው ስለተሳካላቸው ሴቶች ነው። ያንን ሳውቅ በጣም ነው የቀለለኝ። የእኔ ብቻ እብደት አለመሆኑን ማወቅ ራሱ አንድ ነገር ነው።

አዲስ ቦታ የሚጨነቅ ሁሉ ሕክምና ያስፈልገዋል ማለት ግን አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሳምንታት ላይ መረበሽ፣ ስም መርሳት፣ ማታ ደክሞ መውደቅ የተለመደ ነው፤ ሰው እየለመደ ሲሄድ ይበርዳል። ልዩነቱን ለማየት ሐኪሞች የሚጠቀሙበት አጭር መጠይቅ አለ፣ ጋድ ሰባት ይባላል፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ነው። ሰባት ጥያቄ ብቻ ነው፣ ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ይጠይቃል፦ መረበሽ፣ ሐሳብን ማቆም አለመቻል፣ ስለ ብዙ ነገር መጨነቅ፣ መዝናናት አለመቻል፣ መቁነጥነጥ፣ ቶሎ መናደድ፣ ክፉ ነገር ይመጣል ብሎ መፍራት። እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይሰጠዋል፣ ድምሩ እስከ 21 ይሄዳል። 10ና ከዚያ በላይ ከሆነ ባለሙያ ቢያይ ይሻላል። መጠይቁ በሽታ አያረጋግጥም፣ መንገድ ነው የሚጠቁመው። እኔ ግን ከቁጥሩ ይልቅ ሌላ ነገር እጠይቃለሁ፦ ጭንቀቱ ምን ነሳችሁ? እንቅልፍ ከሆነ፣ ምግብ ከሆነ፣ ከሥራ መቅረት ከጀመራችሁ፣ አትጠብቁ።

በዚህ አጋጣሚ የደም ምርመራም አድርጉ። የታይሮይድ ዕጢ ከልክ በላይ ሲሠራ ልብ ያስመታል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ ያልባል፣ እንቅልፍ ይነሳል። የደም ማነስም ልብ ያስመታል። ጤና ጣቢያ ሄዶ እነዚህን ማስመርመር ብዙ ወራት ከመንከራተት ያድናል።

አሁን ማን ጋ ይኬዳል? ሳይካትሪስት ማለት በመጀመሪያ ሕክምና ተምሮ ከዚያ በአእምሮ ሕክምና ስፔሻላይዝ ያደረገ ሐኪም ነው፤ መድኃኒት ማዘዝ ይችላል። ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት መድኃኒት አያዝም፣ እንደ ሲቢቲ ያለውን ሕክምና የሚሰጠው በአብዛኛው እሱ ነው። የአእምሮ ጤና ነርሶችም በብዙ ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች አሉ፣ እነሱን አትናቁ፣ ጥሩ የሚያዳምጡ አሉባቸው። «ላይፍ ኮች» የሚባለው ግን ሌላ ነገር ነው። ማነቃቂያ ንግግር ሊጠቅም ይችላል፣ ግን ቲክቶክ ላይ ብዙ ተከታይ ያለው ሰው ሁሉ ጭንቀት ማከም ይችላል ማለት አይደለም።

ባለሙያ የሚያንሰን ያለ ምክንያት አይደለም። በአገራችን ሳይካትሪስት ማሠልጠን የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው። ከዚያ በፊት ይህንን ለመማር ውጭ አገር መሄድ ግድ ነበር። ለረጅም ዘመን ደግሞ ለአእምሮ ሕመም ብቻ የቆመው ሆስፒታል አማኑኤል ብቻ ነበር። ከዚህ የተነሳ «አማኑኤል» የሚለው ስም ራሱ መሰዳደቢያ ሆነ፤ ይህ በጣም ያሳዝነኛል፣ ስንት ሰው ድኖ የወጣበት ቤት ነው። ዛሬ ግን አማኑኤል ብቻ አይደለም ያለው። ጥቁር አንበሳ፣ ቅዱስ ጳውሎስ፣ ዘውዲቱና የካ ኮተቤ የአእምሮ ሕክምና ይሰጣሉ። ክፍለ ሀገርም እንደ ጎንደርና ጅማ ባሉ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች ውስጥ አገልግሎቱ አለ። የመንግሥት ሆስፒታል ዋጋው ይቀላል፣ ወረፋው ይረዝማል፣ ቀጠሮውም በሥራ ሰዓት ነው። የግል ክሊኒክ ዋጋው ይከብዳል፣ ግን ብዙዎቹ ማታና ቅዳሜ ይሠራሉ፣ በቪዲዮ የሚያዩም አሉ። የሙከራ ጊዜ ላይ ላለ ሰው ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። የመጀመሪያ ደመወዝ ለቤት፣ ለብድር፣ ለእናት ተከፋፍሎ ሲያልቅ የግል ክሊኒክ ቅንጦት ይመስላል። በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ መሆን ይችል እንደሆነ ጠይቁ። የቤት ሥራውን በደንብ ከሠራችሁት ያም ይረዳል።

ስትደውሉ አትፈሩ፣ ጠይቁ። የተማረው ክሊኒካል ሳይኮሎጂ ነው ወይ? የሙያ ፈቃድ አለው ወይ? ጭንቀትን በምን መንገድ ነው የሚያክመው? ስንት ጊዜ ሊወስድ ይችላል? በአንድ ቀን አድንሃለሁ የሚል ሰው ጋ አትሂዱ። የነገራችሁትን ለቤተሰብ የሚያወራ፣ በመጀመሪያው ቀን 40 ደቂቃ ሙሉ እሱ ብቻ የሚያወራ ከሆነም ተዉት። ሁለት ሦስት ጊዜ ሄዳችሁ ካልተግባባችሁ መቀየር ነውር አይደለም። እኔ የመጀመሪያዬን ቀይሬያለሁ።

መድኃኒት ከታዘዘላችሁ ደግሞ ቶሎ ተስፋ አትቁረጡ። ለጭንቀት የሚሰጡት እንደ ፍሉኦክሰቲንና ሰርትራሊን ያሉት ሥራቸው እስኪታይ ከ2 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳሉ። ዲያዜፓም ግን ወዲያው ያረጋጋል፣ ለዚህም ነው ሰው ከጓደኛ ተቀብሎ የሚውጠው። ሱስ ያሲዛል። ያለ ሐኪም አትንኩት። ማታ ቢራ ጠጥቶ መተኛትም እንደዚያው ነው፣ ሌሊት ያባንናል፣ ጠዋት ጭንቀቱን እጥፍ አድርጎ ያመጣዋል። ቡናን ተዉ ማለት ለእኛ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ካፌይን ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ አምስት ሰዓት ያህል ይፈጃል፣ ከሰዓት በኋላ የተጠጣ ማኪያቶ ማታ አብሮን ይተኛል። እኔ ከምሳ በኋላ ያለውን ብቻ ነው የተውኩት። ጫት ደግሞ ልብ የሚያስመታ ነገር ነው፣ ለሚጨነቅ ሰው ቤንዚን ነው።

ጸበልና ጸሎትስ? ለብዙዎቻችን መጀመሪያ የምንሄድበት ቦታ እሱ ነው፣ የንስሐ አባት መኖርም ትልቅ ነገር ነው። እኔ አንዱን ለአንዱ ብሎ መተው አይታየኝም። በ1999 ዓ.ም. የዚያን ጊዜው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበል እየጠጡ የኤችአይቪ መድኃኒትም መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናግረው ነበር። ያ ንግግር «መድኃኒት ከወሰድኩ እምነቴ ጎደለ» ብለው ለሚጨነቁ ሰዎች መንገድ ከፍቷል። ለጭንቀትም ያው ነው። ጠዋት ኪዳን ማድረስና ቅዳሜ ቀጠሮ መሄድ አይጣሉም።

አሁን ወደ ቢሮው ልመለስ። አለቃ ይነገር ወይስ አይነገር? በሙከራ ጊዜ ውስጥ ሁሉንም ዘርዝሮ መናገር አልመክርም። ይህን ስል ከብዶኝ ነው፣ ግን ሕጉ በዚህ ጊዜ ብዙም አይጠብቀንም። «የሕክምና ቀጠሮ አለኝ፣ በዚህ ቀን ከ10 ሰዓት በኋላ እወጣለሁ፣ ጠዋት ቀድሜ ገብቼ አካክሳለሁ» ይበቃል። ውሸት አይደለም። ደረሰኙንም አስቡበት። ብዙ ድርጅት የሕክምና ወጪ የሚመልሰው ደረሰኝ ለሰው ሀብት ክፍል ሲቀርብ ነው፣ ደረሰኙ ላይ ደግሞ የክሊኒኩ ስም አለ። አንዳንድ ቦታ ሽፋኑ ራሱ ከሙከራ ጊዜ በኋላ ነው የሚጀምረው፣ የሥነ ልቦና ሕክምናንም ላያካትት ይችላል። ውላችሁን አንብቡ፣ ከዚያ ገንዘቡ ይሻለኛል ወይስ ምስጢሬ ብላችሁ ራሳችሁ ወስኑ።

ለአሠሪዎችም አንድ ነገር ልበል። የዓለም ጤና ድርጅት በድብርትና በጭንቀት ምክንያት በዓለም ላይ በየዓመቱ 12 ቢሊዮን የሥራ ቀን እንደሚባክን ይገምታል። አዲስ ሰው ቀጥሮ፣ አሠልጥኖ፣ በአሥረኛው ሳምንት «አልተግባባም» ብሎ መሸኘት ርካሽ አይደለም። በመጀመሪያው ሳምንት «ያልገባሽን እኔን ጠይቂ፣ በየቀኑ ከ4 እስከ 4 ተኩል ላንቺ ክፍት ነኝ» ማለት ምንም ወጪ የለውም። ለእኔ ያንን ያለኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ስንት ሌሊት እተኛ ነበር።

ውጭ ያላችሁ ወገኖች መንገዱ ይለያል። አሜሪካ ብዙ መሥሪያ ቤቶች ኢምፕሎዪ አሲስታንስ ፕሮግራም የሚባል አላቸው፣ ጥቂት ቀጠሮዎችን በነፃ ይሰጣል። የሥራ ቦታ የጤና ኢንሹራንስ እስኪጀምር በሕግ እስከ 90 ቀን ሊያስጠብቅ ስለሚችል መጀመሪያ እሱን ጠይቁ። እንግሊዝ ቶኪንግ ቴራፒስ የሚባለው የኤንኤችኤስ (የመንግሥት ጤና ተቋሙ) አገልግሎት አለ፣ ያለ ሐኪም ደብዳቤ ራሳችሁ መመዝገብ ትችላላችሁ። እስራኤል ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአእምሮ ሕክምና በኩፓት ሆሊም፣ ማለትም በተመዘገባችሁበት የጤና መድን ድርጅት በኩል ነው። የትም ብትሆኑ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ልጃችሁን ወይም ዘመዳችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ፣ በልጅ ፊት የልብ አይወራም።

አንድ ነገር ግን ቀጠሮ አይጠብቅም። መኖር አስጠልቷችሁ ራሴን ባጠፋ የሚል ሐሳብ ከመጣ ሥራውም ሙከራውም ይቅር፣ ለምታምኑት ሰው ንገሩና ዛሬውኑ አብራችሁ በአቅራቢያችሁ ወዳለው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

ለሌላው ሁሉ የሚከብደው የመጀመሪያዋ መልእክት ናት። እኔ አምስት ጊዜ ጽፌ አምስት ጊዜ አጥፍቻለሁ። ስለዚህ በመጨረሻ የላክኳትን እዚህ አስቀምጫለሁ፣ ገልብጣችሁ ላኩ፦

«ጤና ይስጥልኝ። አዲስ ሥራ ከጀመርኩ ጥቂት ሳምንት ሆኖኛል። በጣም እየተጨነቅኩ ነው፣ እንቅልፍም አጥቻለሁ። ጭንቀት ላይ የሚሠራ ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት ፈልጌ ነበር። ከሥራ የምወጣው 11 ሰዓት ተኩል ስለሆነ ከ12 ሰዓት በኋላ ወይም ቅዳሜ ክፍት ቦታ አላችሁ? የአንዱ ቀጠሮ ዋጋስ ስንት ነው?»